ፎቶው አይራመድላችሁም፦ የብዙ ቀን የእግር ጉዞ እንዴት ይሰናዳል?

ነገሩ ብዙ ጊዜ በፎቶ ነው የሚጀምረው። ሰማያዊ ሐይቅ፣ በረዶ የለበሰ ተራራ፣ ጀርባውን ሰጥቶ የቆመ ሰው። ልባችሁ ይነሳና ቲኬት መፈለግ ትጀምራላችሁ። ችግሩ ፎቶው የማያሳየው ነገር መብዛቱ ነው። ሰውየው እዚያ ለመድረስ ከሌሊቱ 10 ሰዓት መነሳቱ አይታይም። ትናንት ግማሽ ቀን ሙሉ ቁልቁለት ሲወርድ መዋሉም አይታይም። ጫማው ውስጥ ያለው ተረከዝማ ባይታይ ይሻላል።

ስለዚህ እኔ ከፎቶ አልጀምርም፣ ከሰዓት ነው የምጀምረው። ቅደም ተከተሉ ለየትኛውም አገር መንገድ ይሠራል፤ ምሳሌዎቹን ከታወቁት መንገዶች ወስጃለሁ።

1. ኪሎ ሜትሩን ተዉት፣ ሰዓቱን አስሉ

"በቀን 15 ኪሎ ሜትር ነው፣ ምን አላት" የሚል ሰው አቀበት አልቀመሰም። ሜዳ ላይ 15 ኪሎ ሜትር የግማሽ ቀን ሽርሽር ነው። ያው 15 ኪሎ ሜትር 1,200 ሜትር ሽቅብ ካለበት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ዊልያም ናይስሚዝ የሚባል ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ስሌት እስካሁን ይሠራል፦ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ 1 ሰዓት፣ በላዩ ላይ ለየ600 ሜትር ሽቅብ ሌላ 1 ሰዓት። ያ መንገድ እንግዲህ 3 ሲደመር 2፣ በጠቅላላው 5 ሰዓት ይፈጃል ማለት ነው። ይሄ ግን ጤነኛ ሆኖ ሳያርፍ ለሚሄድ ሰው ነው። ቦርሳ ተሸክማችሁ፣ ምሳ በልታችሁ፣ ፎቶ አንስታችሁ፣ ጫማ ውስጥ የገባች ጠጠር አራግፋችሁ ስትሄዱ ወደ 7 ሰዓት ይጠጋል።

ስሌቱን ትልቅ መንገድ ላይ እንሞክረው። ቱር ዱ ሞንብላን በፈረንሳይ፣ በጣሊያንና በስዊዘርላንድ እያለፈ የሞንብላንን ተራራ ይዞራል። ርዝመቱ 170 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የሽቅቡ ድምር ደግሞ ወደ 10,000 ሜትር ነው። በናይስሚዝ ስሌት 51 ሰዓት አካባቢ ይመጣል። በ10 ቀን ካካፈላችሁት በቀን 5 ሰዓት የተጣራ እርምጃ ነው። "አይ፣ በ7 ቀን እጨርሰዋለሁ" ካላችሁ ከ7 ሰዓት በላይ ይሆናል፣ ያውም በየቀኑ፣ ያለ አንድ የእረፍት ቀን። ሰባት ቀን ብቻ ፈቃድ ካላችሁ ግማሹን መንገድ ሂዱና በደንብ እዩት።

አንድ ወረቀት ላይ አምስት መስመር አስምሩ፦ ቀን፣ ኪሎ ሜትር፣ ሽቅብ፣ ቁልቁል፣ ሰዓት። ቁልቁሉን እንዳትዘሉት። አቀበት ትንፋሽ ነው የሚጨርሰው፣ ትንፋሽ ደግሞ አምስት ደቂቃ ቁጭ ስትሉ ይመለሳል። ቁልቁለት ግን ጉልበትና ጭን ነው የሚበላው፣ እሱ በማግስቱም አይመለስም። ካርታው ላይ "ዛሬ መውረድ ብቻ ነው" የሚል ቀን ካያችሁ ደስ አይበላችሁ።

2. አቅምን የሚመጥን መንገድ መምረጥ

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሄዱ ከሆነ የኔ ምርጫ መሃሉ ላይ ማቆም የሚቻልበት መንገድ ነው። ስፔን ውስጥ ያለው የሳንቲያጎ መንገድ እንደዚያ ነው። ፈረንሳይ ድንበር ካለችው ሳን ዣን ፒዬ ደ ፖር የሚነሳው ዋናው መስመር 780 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ሁሉንም ሂዱ የሚላችሁ የለም። የመጨረሻውን 100 ኪሎ ሜትር በእግሩ የተጓዘ ሰው የምስክር ወረቀት ስለሚያገኝ ብዙ ሰው ከሳሪያ ከተማ ነው የሚጀምረው። በየጥቂት ኪሎ ሜትሩ መንደርና አልጋ አለ። ደከማችሁ? አደራችሁ። አለቀ።

ስኮትላንድ ውስጥ ያለው ዌስት ሃይላንድ ዌይም (154 ኪሎ ሜትር) ለጀማሪ ይሆናል፤ ሻንጣችሁን ከማረፊያ ማረፊያ የሚያደርሱላችሁ ድርጅቶች አሉ፣ እናንተ ትንሽ ቦርሳ ብቻ አንግታችሁ ትሄዳላችሁ። በሞቃቱ ወራት ግን ሚጅ የምትባል ጢኒጥ የምታክል ነካሽ ዝንብ አለች፣ በደመና ነው የምትመጣው። የፊት መረብ ያዙ።

ከዚያ በኋላ ቁጥር የሚያታልልባቸው መንገዶች ይመጣሉ። የአይስላንዱ ላውጋቬጉር 55 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፣ አብዛኛው ሰው በአራት ቀን ይጨርሰዋል። አጭር ይመስላል። ነገር ግን ድልድይ የሌላቸው፣ ከበረዶ የሚቀልጥ ውሃ የሚወርድባቸው ወንዞች አሉበት። ወንዝ ስትሻገሩ ጫማችሁን አውልቃችሁ አንገታችሁ ላይ አንጠልጥሉና የሚታሰር ሰንደል ጫማ አጥልቁ፤ የቦርሳውን የወገብ ቀበቶ ፍቱ፣ ምክንያቱም ከወደቃችሁ ቦርሳው ይዟችሁ እንዳይሄድ በአንድ እንቅስቃሴ መጣል መቻል አለባችሁ፤ ፊታችሁን ውሃው ወደሚመጣበት አዙራችሁ በምርኩዝ እየደገፋችሁ ወደ ጎን ተራመዱ። ጠባቡ ቦታ አያጓጓችሁ። ወንዝ ሰፋ ያለበት ቦታ ላይ ነው ጥልቀቱ የሚቀንሰው።

በፈረንሳይዋ የኮርሲካ ደሴት ያለውን ጂአር 20 የሚባል መንገድ ደግሞ ለሦስተኛ ወይም ለአራተኛ ጉዞ አቆዩት። 180 ኪሎ ሜትር ነው፣ በብዙ ቦታ ድንጋይ በእጅ እየተቧጠጠ ነው የሚታለፈው።

3. ወቅቱንና ቦታ መያዙን አንድ ላይ ጨርሱ

ታዋቂ መንገድ ላይ "እዚያ ደርሼ አያለሁ" የሚባል ነገር የለም። ፔሩ ውስጥ ወዳለችው ጥንታዊ ከተማ ማቹ ፒቹ የሚወስደው የኢንካ መንገድ (43 ኪሎ ሜትር፣ 4 ቀን) በቀን የሚያስገባው 500 ሰው ነው፣ በዚያ ላይ አስጎብኚዎቹና ተሸካሚዎቹ እዚያው ውስጥ ይቆጠራሉ። ያለ ፈቃድ ያለው አስጎብኚ መግባት አይቻልም፣ በየካቲት ወር ደግሞ ለጥገና ይዘጋል። ፈቃዱ በፓስፖርት ቁጥራችሁ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ፓስፖርታችሁ ሊያልቅ ከሆነ ቀድማችሁ አሳድሱት፣ ከዚያ በአዲሱ ቁጥር አስይዙ።

የኒውዚላንዱ ሚልፎርድ ትራክ ከዚህም የጠበቀ ነው። 53.5 ኪሎ ሜትር ነው፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይኬዳል፣ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ሚያዝያ ባለው የጉዞ ወቅት ራሳቸውን ችለው ለሚሄዱ ሰዎች በቀን 40 ቦታ ብቻ ነው ያለው። ቦታ ማስያዣው ሲከፈት ኮምፒውተር ፊት ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። አካባቢው በዓመት ከ6 ሜትር በላይ ዝናብ ያገኛል፣ ስለዚህ "ዝናብ ባይዘንብ" ብሎ መመኘት ትርፉ ድካም ነው። ፏፏቴዎቹ የሚያምሩትም በዝናብ ነው። ደግሞ አንድ ነገር፦ ወደ ኒውዚላንድ ያገለገለ የመንገድ ጫማ ይዛችሁ ስትገቡ ማስመዝገብ ግዴታ ነው፣ ጭቃ ካለበት አያሳልፉትም። ከመነሳታችሁ በፊት ሶሉን በጥርስ ብሩሽ እጠቡት።

በሞንብላን ዙሪያ ያሉት የተራራ ማረፊያዎች ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ ነው በደንብ የሚሠሩት፣ አልጋቸው ከወራት በፊት ይያዛል። ቺሊ ውስጥ ባለው ቶሬስ ዴል ፓይኔ ፓርክም ድንኳን መትከያ ቦታ ሳይቀር አስቀድሞ መያዝ አለበት፤ የሚያሳስባችሁ ደግሞ ብርዱ ሳይሆን ነፋሱ ይሁን፣ ሰው ይጥላል። የወራቱ ስሞች እዚህ ላይ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፣ ቀን ስትይዙ እንዳትምታቱ።

4. ኢንሹራንስ ላይ አንዲት ቁጥር ፈልጉ

ቪዛውን ታውቁታላችሁ፣ አላደክማችሁም። ኢንሹራንሱን ግን እንደ ዋዛ አትለፉት። ብዙ የጉዞ ኢንሹራንስ "የእግር ጉዞ ይሸፍናል" ይልና በትንንሽ ፊደል የከፍታ ጣሪያ ያስቀምጣል። ያቺን ቁጥር ፈልጉ። የምትሄዱበት ከፍተኛ ቦታ 5,364 ሜትር ላይ ያለው የኤቨረስት ቤዝ ካምፕ ሆኖ ውሉ 4,000 ላይ የሚያቆም ከሆነ፣ ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣው ነገር ሊደርስ የሚችልበት ቦታ ላይ ኢንሹራንስ የላችሁም ማለት ነው። "በሄሊኮፕተር ማውረድ" የሚለው ቃልም በግልጽ መኖር አለበት።

5. እግርን ማለማመድ

ከ8 እስከ 12 ሳምንት ስጡት። ጂም ግዴታ አይደለም። ፎቅ ካለ ደረጃ አለ። በሳምንት ሁለት ቀን ደረጃ ውጡ፣ ውረዱም፣ ሊፍቱ መውረጃ አይደለም! በሳምንት አንዴ ረጅም መንገድ ሂዱ፣ ቦርሳ ውስጥ ውሃ የሞሉ ጠርሙሶች ጨምራችሁ ክብደቱን ቀስ በቀስ አሳድጉ። ከመነሳታችሁ አንድ ወር ቀደም ብሎ ሁለት ተከታታይ ቀን የሚፈጅ ሙከራ አድርጉ። ዋናው ፈተና ሁለተኛው ቀን ጠዋት ነው፦ ከአልጋ ተነስታችሁ ደረጃ ስትወርዱ ግድግዳ የምትይዙ ከሆነ ገና ናችሁ።

6. ጫማ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የተሠራሁት በዚህ ነው። አንድ ጊዜ ልክ የሆነ ጫማ ገዛሁ። ሱቁ ውስጥ ስራመድበት ምንም አላለኝም፣ አቀበቱም ላይ ምንም። ሦስተኛው ቀን ረጅም ቁልቁለት መጣ። በየእርምጃው እግሬ ወደፊት እየተንሸራተተ አውራ ጣቴ የጫማውን አፍንጫ ይደበድባል። ማታ ካልሲዬን ሳወልቅ ሁለቱም ጥፍሮች ጠቁረዋል። ቤት ከተመለስኩ በኋላ ወለቁ።

ስለዚህ ጫማ ስትገዙ ወደ ማታ ሂዱ፣ እግር ቀኑን ሙሉ ቆሞ ሲውል ትንሽ ያብጣል፣ መንገድ ላይም እንደዚያው ነው የሚሆነው። ጉዞው ላይ የምትለብሱትን ወፍራም ካልሲ ይዛችሁ ሂዱ። ማሰሪያውን ሳታስሩ እግራችሁን ጫፍ ድረስ ግፉት፣ ከተረከዛችሁ ኋላ አንድ ጣት መግባት አለበት። ከዚያ እሰሩትና ሱቁ ውስጥ ደረጃ ወይም ዘንበል ያለ ነገር ካለ ፊታችሁን ወደታች አድርጋችሁ ቁሙ፣ እግራችሁን መሬት ላይ ሁለት ሦስቴ ምቱ። ጣታችሁ ጫፉን ከነካ መልሱት። ምንም ያህል ቢያምር መልሱት።

ከገዛችሁ በኋላ ቢያንስ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሂዱበት። አውሮፕላን ላይም ተጫምታችሁት ውጡ። ሻንጣ ይጠፋል፣ ጃኬት ደግሞ የትም ይገዛል። እግራችሁን የለመደ ጫማ ግን የትም አይገዛም። ከመነሳታችሁ በፊት የእግር ጥፍራችሁን ቁረጡ፣ ቀላል ይመስላል፣ ግን ማንም አያስታውሰውም።

7. ቦርሳው

ከሰውነት ክብደታችሁ 20 በመቶ አይብለጥ። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ውሃና ምግቡን ጨምሮ 14 ኪሎ። ከባዱ ነገር ጀርባችሁን ተጠግቶ መሃል ላይ፣ የመኝታ ከረጢቱ ታች፣ የዝናብ ጃኬቱ ላይኛው አፍ ላይ ይሁን። ቦርሳውን ስታነግቱ መጀመሪያ የወገብ ቀበቶውን ዳሌ አጥንታችሁ ላይ አጥብቁ፣ የትከሻው ማንገቻ ከዚያ በኋላ ነው። ጭነቱን መሸከም ያለበት ዳሌ ነው፣ ትከሻ አይደለም።

ልብስ በሦስት ድርብ፦ ላብ የሚያደርቅ፣ ሙቀት የሚይዝ፣ ነፋስና ዝናብ የሚከለክል። የጥጥ ካኒቴራና ጂንስ ቤት ይቅሩ፣ ጥጥ አንዴ ከረጠበ አይደርቅም፣ በየ1,000 ሜትሩ ደግሞ ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ይወርዳል። የቀረውን በአጭሩ፦ ራስ ላይ የሚታሰር ባትሪ፣ ፊሽካ፣ ምርኩዝ፣ ፕላስተር፣ የፀሐይ መነጽር፣ ፓወር ባንክ። ፓወር ባንኩ በእጅ ሻንጣ ነው የሚገባው፣ የጋዝ ጣሳ ግን በየትኛውም ሻንጣ አይገባም፣ እዚያው ይገዛል።

ከዚያ ሁሉንም ወለል ላይ ዘርጉና "ምናልባት" ብላችሁ ያስገባችሁትን አውጡ። ምናልባት ከባድ ነው።

8. ከፍታ ላይ

ከ2,500 ሜትር በላይ ሰውነት ማጉረምረም ሊጀምር ይችላል። 5,500 ሜትር ላይ የአየር ግፊቱ ከባህር ወለሉ በግማሽ ያነሰ ነው፣ ስለዚህ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምታገኙት ኦክስጅንም ግማሽ ነው። ጉልበተኛ መሆን አያድንም፣ እንዲያውም ጎረምሶቹ ስለሚሮጡ ቀድመው ይወድቃሉ። ኪሊማንጃሮ ላይ መሪዎቹ ቀኑን ሙሉ "ፖሌ ፖሌ" ይላሉ፣ በስዋሂሊ ቀስ በሉ ማለት ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው ተረታችን ለዚህ የተባለ ነው የሚመስለው።

ደንቡ እንዲህ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ስትሆኑ የዛሬው መኝታችሁ ከትናንቱ ከ500 ሜትር በላይ ከፍ አይበል፣ በየሦስት አራት ቀኑ ደግሞ አንድ ቀን ከፍታ ሳትጨምሩ እደሩ። የሚቆጠረው የምትተኙበት ነው፣ ቀን ከፍ ብሎ መውጣትማ ይረዳል። የኤቨረስት ቤዝ ካምፕ ጉዞ ናምቼ ባዛር (3,440 ሜትር) እና ዲንግቦቼ (4,410 ሜትር) ላይ ሁለት ሁለት ሌሊት የሚያሳድረው ለዚህ ነው። ማቻሜ የሚባለው የኪሊማንጃሮ መንገድም ላቫ ታወር እስከሚባለው ቦታ፣ 4,600 ሜትር ገደማ ያወጣችሁና ለመኝታ ወደ ባራንኮ ካምፕ መልሶ ያወርዳችኋል። በአምስት ቀን ኪሊማንጃሮ (5,895 ሜትር) የሚያወጣ ርካሽ ጉዞና በሰባት ወይም ስምንት ቀን የሚያወጣ ውድ ጉዞ ከቀረበላችሁ፣ ገንዘብ እስኪሞላ ጠብቁና ረጅሙን ያዙ።

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ምግብ መጥላት ሲመጣ አትደብቁ። እዚያው ቆዩ፣ ሽቅብ የለም። አንድ ሰው እንደ ሰካራም ከተንገዳገደ፣ ነገር ከተምታታበት ወይም ቁጭ ብሎም ትንፋሽ ካጠረው ግን ቀልድ የለም፣ በዚያችው ሰዓት መውረድ ነው፣ ሌሊትም ቢሆን። ከተጠራጠራችሁ መሬት ላይ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩና ተረከዙን ከሌላው እግር ጣት እያገጣጠመ እንዲራመድ አድርጉት። ካልቻለ ይውረድ። ለከፍታ ሕመም የሚወሰድ ዲያሞክስ የሚባል ክኒን አለ፣ እሱን ግን ከመሄዳችሁ በፊት ከሐኪም ጋር ተነጋገሩበት እንጂ ከጓደኛ ኪስ አትቀበሉ።

9. መንገድ ላይ

በጊዜ ተነሱ። በሞቃቱ ወራት ተራራ ላይ ነጎድጓድ የሚወደው ከሰዓት በኋላን ነው፣ ስለዚህ ትልቁን መሻገሪያ እኩለ ቀን ሳይሞላ እለፉት። ፍጥነታችሁ ማውራት በምትችሉበት ልክ ይሁን፣ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃታችሁ ሮጣችኋል።

የጫማ ነገር እዚህም ይመለሳል። ተረከዛችሁ ላይ ትንሽ ሙቀት፣ ትንሽ መቆጥቆጥ ሲሰማችሁ ቁሙ። "እዚያ ጋ ስንደርስ አየዋለሁ" አትበሉ፣ እዚያ ጋ ስትደርሱ ውሃ ቋጥሮ ይጠብቃችኋል። ጫማውን አውልቁ፣ እግሩን አድርቁ፣ የቀላውን ቦታ በፕላስተር ሳይጨማደድ ለጥፉ፣ ደረቅ ካልሲ ቀይሩ። አስር ደቂቃ ይፈጃል፣ ሦስት ቀን ያተርፋል። ጓደኞቻችሁ ቢያጉረመርሙም ይጠብቁ።

የምንጭ ውሃ ጥርት ብሎ ስለታየ ንጹህ ነው ማለት አይደለም። ካፈላችሁት ከፈላ በኋላ አንድ ደቂቃ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆናችሁ ሦስት ደቂቃ አቆዩት። ሂማሊያ ውስጥ ያክ የሚባለው ጸጉራም የተራራ ከብት ጭነት ተሸክሞ ሲመጣ በተራራው በኩል ተጠጉ፣ በገደሉ በኩል የቆመን ሰው ጭነቱ ገፍቶ ይጥላል። መጸዳዳት ሲመጣ ደግሞ ከውሃ ቢያንስ 60 ሜትር ራቁ፣ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆፍሩ፣ ወረቀቱን በከረጢት ይዛችሁ ውጡ።

ካርታውን ቤት ሳላችሁ ስልካችሁ ላይ አውርዱት፣ ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት፣ ማታ ይዛችሁት ተኙ፣ ብርድ ባትሪ ይገድላል። ከጠፋችሁ ወደፊት አትግፉ፣ እርግጠኛ ወደነበራችሁበት ቦታ ተመለሱ። እርዳታ መጥሪያው ፉጨት በደቂቃ ውስጥ ስድስት ጊዜ ነው፣ አንድ ደቂቃ ዝም፣ እንደገና ስድስት። የሰማ ሰው በደቂቃ ሦስት ጊዜ ይመልሳል። አውሮፓ ውስጥ 112 ደውሉ።

10. መመለሻው

የመመለሻ በረራችሁን ከጉዞው ማግስት አትያዙ። ወደ ኤቨረስት መንገድ መግቢያ የሆነችው የሉክላ አየር ማረፊያ በጭጋግ በረራ ትሰርዛለች፣ አንዳንዴ ቀናት ይከታተላሉ፤ ቢያንስ ሁለት ትርፍ ቀን ተዉ። አየሩ ካልተበላሸ ትርፉ ቀን ለጉልበታችሁ ነው። ለተሸካሚዎቹ የምትሰጡትን ጉርሻ ደግሞ አስቀድማችሁ በዝርዝር ብር ለዩት፣ በየእጃቸው ስጡ።

ቤት ስትገቡ ቦርሳውን ጥግ ላይ ወርውራችሁ አትተኙ። ድንኳኑን ያኔውኑ አውጡና በር ላይም ቢሆን ዘርጉት፣ እርጥብ እንደታጠፈ ከከረመ ይሻግታል። የመኝታ ከረጢቱን ከጠባብ መያዣው አውጥታችሁ ሰፋ ባለ ከረጢት አስቀምጡ። የጫማውን የውስጥ ሶል ነቅላችሁ ጥላ ላይ አድርቁት፣ ምድጃ አጠገብ ግን አታስጠጉት፣ ማጣበቂያው ይለቃል።